ሸንኮራ ይዞ የሚመጣው ሰው

ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ አገር ሲገነባ እንደኖረ ይጽፋል። እኔ በር ሳንኳኳ ነው የኖርኩት። ጡረታም የወጣሁት አርጅቼ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቴ ነው ከእኔ ቀድሞ የሞተው። መንግሥት በወደቀ ሰሞን አንድ ቀን ወደ ሥራ ስሄድ የናዝሬት ጦር ሰፈር በር ላይ ዘብ የለም። መስኮቶቹ ተከፍተው ፋይሎቻችን ግቢው ውስጥ ይበራሉ። የናዝሬት ነፋስ ለማንም ማዕረግ እጅ ነስቶ አያውቅም። አንዱ ወረቀት መጥቶ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። አንስቼ ባየው የራሴ ጽሕፈት ነው፦ «ቤተሰቡ በተጠቀሰው ቤት የሚኖር መሆኑን በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ።» ዕድሜዬን በሙሉ የጻፍኩት ይህችኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ወታደሩ ወደ ሰሜን ሲዘምት ቤተሰቡ ከኋላው ይቀራል። ለቤተሰቡ የቤት አበል ይታሰብለታል፤ ነገር ግን ፋይሉ ላይ በተጻፈው ከተማና ቤት እስከኖረ ድረስ ነው። ባል ግንባር እያለ ሚስት ልጆቿን ይዛ ሌላ ከተማ ከሄደች አዲሱ ቦታ እስኪረጋገጥ አበሉ ይቆማል። የማረጋግጠው እኔ ነበርኩ። ስለ ገንዘቡ ብዙ አልናገርም፤ እሱም ብዙ አልነበረም። ጥያቄው ግን ከገንዘቡ በጣም ይበልጥ ነበር፤ ሰው የት ነው የሚኖረው? በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ደብቄ ካነበብኳቸው መጻሕፍት መካከል ይህን ጥያቄ የደፈረ አላገኘሁም። እኛ በአንድ ገጽ ቅጽ እንመልሰው ነበር።

አሁን ሳስበው ያ ዘመን እንዳለ እንደ ሕልም ሆኖ ይታየኛል። ደብረ ዘይት ሐይቁ ጠርዝ ላይ ቆሜ የማን ቤት ልፈልግ እንደመጣሁ ስረሳ፣ መተሐራ የአገዳ እርሻው ውስጥ መንገድ ጠፍቶኝ ቅጠሉ ሲንሾካሾክ፣ ወለንጪቲ ገበያ ላይ አቧራው ከሰውና ከግመል እግር ተነስቶ ፀሐይዋን ቢጫ ሲያደርጋት አያለሁ። በእነዚህ ከተሞች ሁሉ ወንድ የሌለባቸው ሰፈሮች ነበሩ። ሴቶቹ እህል ይለቅማሉ፣ ልብስ ያሰጣሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ዓይናቸው ግን ሁልጊዜ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ መንገድ የምመጣው እኔ ነበርኩ። እንደዚያ በጉጉት የታየሁበት ዘመን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ከአለቆቼ የማስታውሰው አንዱን ሻለቃ ብቻ ነው። ከግድግዳው ላይ መፈክር እያነበበ ነበር የሚያናግረን። ፋይል ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ማየት አይወድም፤ ያደረ ፋይል ያደረ ወጥ ነው ይል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ቢሮ ክፉ ሰው አላየሁም። ያየሁት ጉዳት ሁሉ የመጣው ከደጎቹ ነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሻምበል ባሻ ደጀኔ ናቸው። ባሻ እንላቸው ነበር። ከድሮው ሠራዊት የተረፉ፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ቤት ገብተው ቅጹን ከማውጣታቸው በፊት ውሃ ይለምናሉ። እኔ የጠማቸው ይመስለኝ ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ፣ የቤቱ ባለቤት የሆነች ሴት ጣሳው የት እንዳለ እጇ ያውቃል፤ ለአንድ ቀን ቤት የተዋሰች ሴት ግን ጣሳውን በዓይኗ ትፈልጋለች። አመድ አይታመንም፣ አንድ ቀን አንድዶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የግድግዳ ጥላሸት ግን በአንድ ቀን አይገኝም። መጥረጊያውን አንስተው በየትኛው በኩል እንዳለቀ ያያሉ፣ ከዚያ የሴትዮዋን እጅ ያያሉ። ደፉን በጫማቸው ጫፍ ዳሰስ ያደርጉታል፤ ሕፃናት ያሉበት ቤት ደፍ መሃሉ ላይ ይለሰልሳል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ወሬያቸውን አያቋርጡም። ሴትዮዋ እንደተመረመረች ሳታውቅ ስቃ ትሸኛቸዋለች።

እነዚህ ገብተውኛል፤ ያልገቡኝ ሌሎች ልማዶች ነበሯቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የዘማች ቤት አይረግጡም። ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ እኔ እንኳ አብሬ ስሄድ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ እንድቀር ያዙኛል። ፋይሉን በእጃቸው አይዙም፣ ሸሚዛቸው ውስጥ ይከቱታል። ከሁሉም የሚገርመው ግን ሸንኮራው ነው። ከወንጂ በሚመጣው መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች ቅጠሉ ያልተቆረጠ፣ ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ አንድ አገዳ ይገዙና ትከሻቸው ላይ ያደርጉታል። ሌላ ቁራጭ እየመጠጡ፣ ከሩቅ «አካም ኦልታኒ!» እያሉ ሰፈሩን ሁሉ እንዴት እንደዋለ ይጠይቃሉ፤ ኦሮሞውንም አማራውንም። ደፉ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያ ቃላቸው «ደህና ነው» ነው። ማን እንደሆነ ደህናው አይናገሩም።

አንድ ቀን ይህ ሁሉ ጣፋጭ አይበዛብዎትም ወይ አልኳቸው። ጥርስ እያለ ነው አሉኝና መምጠጣቸውን ቀጠሉ። እኔ የተማርኩ ነበርኩ። ሽማግሌ ነው፣ ሥራ ያጓትታል፣ ሸንኮራ ይወዳል ብዬ ደመደምኩ።

የወይዘሮ አያንቱን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከባሻ ጋር ነው። ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረች። ባሏ አሥር አለቃ ታደሰ ሰሜን ነው። ቤቱ ባዶ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶን ሄድን፤ እውነትም ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ጎረቤቷ ስትነግረን የአያንቱ እናት ቡልቡላ ላይ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ወድቃለች፤ አያንቱም ሁለት ልጆቿን ይዛ እሷን ልታስታምም ሄዳለች። ባሻ በሩን ትንሽ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ከፍ አድርገው ከበሩ በላይ፣ በቆርቆሮውና በጭቃው ግድግዳ መካከል ሰደዱ። ቁልፉን አወጡ፣ አገላብጠው አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ቁልፉን ይዞ የሄደ ሰው ቤቱን ለቋል» አሉኝ ስንመለስ። «ትቶት የሄደ ግን ገና እዚያው ነው ያለው። ፋይሉ ይተኛ።»

ፋይሉ ተኛ። በወሩ ገደማ አያንቱ ራሷ ቢሮ መጣች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትናገር ወለሉን የምታይ ሴት ነበረች። አበሉ ቢቆም እንደማይከፋት፣ እናቷ ቤት እህል እንዳለ ነገረችን። የጨነቃት ቤቱ ነው። ቀበሌው ቤቱን ለዘማች ቤተሰብ የሚተወው እኛ ቤተሰቡ እዚያ ይኖራል ብለን አበል እስከከፈልን ድረስ ነው፤ እኛ ካቆምን ቤቱ ለሌላ ይሰጣል። ታደሰ ማንበብ አይችልም፤ ከግንባር በጓደኞቹ እያስጻፈ የሚልከውን እሷም በሰው ታስነብባለች።

«በሕልሜ ማታ ማታ እመጣለሁ ይለኛል» አለች። «እጄን ከቆርቆሮው ሥር እሰዳለሁ፣ ቁልፉን አገኘዋለሁ፣ ከዚያ ያነቁኛል ይላል። ያን በር እንዴት ብዬ ልስጥ፣ ባሻ? ሄጄ ነው እንጂ አልለቀቅኩም።»

ባሻ እንዳልሰማ ሰው ቅጹን ወደ መሳቢያ መለሱት። እሷም ገባት፤ ተነስታ እጅ ነሳችና ወጣች።

ይህ ከሆነ በኋላ ባሻ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ወደ ወለንጪቲ ገቡ። መሳቢያቸው ለእኔ ተላለፈ። ሻለቃውም ያደረውን ፋይል አገኘው።

አሁን የደግነቴን ነገር ልንገራችሁ። አበሉን መቁረጥ ቀላል ነበር፤ አንድ ፊርማ ይበቃል። እኔ ግን አሰብኩላት። ቤተሰቡ ቡልቡላ ያለው በሽተኛ ለማስታመም ለጊዜው ነው፣ መኖሪያው ናዝሬት ነው የሚል ማረጋገጫ ብጽፍ በሩ ይተርፍላታል። ለዚህ ከቡልቡላ ሁለት ምስክሮች ፊቷ ቆመው መፈረም አለባቸው። ራሴ ሄጄ በአንድ ጠዋት ጨርሼ ልመለስ ወሰንኩ። ክፉ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ቢሮው ተቀምጦ ይፈርም ነበር፤ እሷም በሯን ብቻ ነበር የምታጣው።

ቡልቡላ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። ከመንገድ ዳር ካለች አንዲት አልቤርጎ አደርኩና ማልጄ ተነሳሁ፤ የሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ። ያን ማለዳ አሁንም አልፎ አልፎ አልመዋለሁ። ከአቢጃታ ሐይቅ በኩል ነጭ ጉም መጥቶ ግራሮቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ወፎቹ አይታዩም፣ ድምፃቸው ብቻ ከውሃው በኩል እንደ ሩቅ ገበያ ይሰማል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ኮቱን ለብሶ መጣ። ሁለተኛው ምስክር ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ነበሩ። ስለ በረደን አንነጋገርም። ሦስት ወንዶች፣ በማለዳ፣ ዝም ብለን፣ አንድ ሰማያዊ ፋይል ይዘን በጉሙ ውስጥ ወደ አንዲት የዘማች ሚስት ደጅ ሄድን።

አንባቢዬ እዚህ ላይ ገብቶታል። በዚያ ጉም ውስጥ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አያንቱ ደጅ ትጠርግ ነበር። አየችን። መጥረጊያውን ቀስ አድርጋ፣ እንደሚሰበር ዕቃ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ማንን ነው የምትፈልጉት አላለችም። እኔም አጠገቧ ደርሼ «የመጣነው በባለቤትሽ ጉዳይ ነው» አልኳት።

ጩኸቷን አልገልጸውም። ከውስጥ እናቷ በኦሮምኛ ማነው ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ የሷም ድምፅ ተቀላቀለ። ጎረቤት ከየአጥሩ ወጣ። እኔ «ደህና ነው! የመጣሁት ለቤት አበል ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ለቅሶ መሃል ቆሞ የቤት አበል እያለ የሚጮህ ሰው ማን ይሰማዋል? የሰሙኝም አላመኑኝም። መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞታል እንጂ እያለ ነው የሚጀምረው። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር መርዶው እየጸና ሄደ። ባሏ በሕይወት አለ ብዬ በእናቴ ስም ስምል፣ አንዲት አሮጊት ክንዴን ይዘው «ተው ልጄ፣ አውቀናል፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ሊቀ መንበሩ ሳይቀር ጥግ ወስዶ የት ግንባር እንደወደቀ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

ከቀትር በፊት ድንኳን ተተከለ። አውቶቡሴ ሄደ። ያልሞተ ሰው ለቅሶ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። አያንቱ ፀጉሯን ተቆርጣ፣ ሁለቱን ልጆች ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ ቦታ ታያለች። በሦስተኛው ቀን ከግንባር በሬዲዮ ማረጋገጫ ላስመጣ ብዬ ወደ ናዝሬት ተመለስኩ።

ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ከቡልቡላ እስከ ናዝሬት አሳ ጭኖ የሚመላለስ መኪና ሁሉ አድርሶታል። ከሐዲዱ ጀርባ ስደርስ ጓጉንቸሩ ተሰብሯል፣ የሌላ ሰው ፍራሽ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ባሏ ከሞተ፣ እሷም አገሯ ከገባች፣ ቤቱ የማን ነው አሉኝ ቀበሌዎቹ። እጄ ላይ ያለው ማረጋገጫ አልተፈረመም። ፊርማ የሚሰጠኝ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ነው ያለው።

ከግንባር የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ በቦታው አለ። ግን ይዤው ብሄድ ማን ያምነኛል? ወረቀቱን ይዤ ወደ ወለንጪቲ፣ ወደ ባሻ ሄድኩ። ከግቢያቸው ግራር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም።

«ስንት ሆናችሁ ነው የሄዳችሁት?»

«ሦስት።»

«በስንት ሰዓት?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ቢሆን ነው።»

«በእጅህስ ምን ይዘህ ነበር?»

«ፋይል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ ሳይገልጡ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሸንኮራ ወድጄ የምበላ መስሎህ ነው?»

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይጠራም አሉኝ፤ ያያል፣ ይገባዋል ብለው ነበር። ተነሱ፣ ኮፍያቸውን ትተው ወጡ። ናዝሬት ወርደን አንድ አገዳ ገዛን። አውቶቡሱ ውስጥ ስላልገባ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሊያስረው ፈለገ፤ ባሻ እንቢ ብለው በመስኮት አውጥተው ይዘውት ሄዱ። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን ያን ቅጠል እያውለበለብን አለፍን። በየፌርማታው ሰው ይስቅብን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቅ ምን እንደሚጠቅም ገባኝ።

ቡልቡላ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ገባን። ባሻ ሃምሳ እርምጃ ወደ ኋላ እንድቀር አዘዙኝ። አገዳውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እየመጠጡ፣ ምጣጩን እየተፉ፣ «አካም ኦልታኒ!» እያሉ በመንገዱ መሃል ሄዱ። ሐይቁ ከኋላቸው ያበራል። ከድንኳኑ ሥር የነበሩት ሴቶች ቀና አሉ። አያንቱ ከሩቅ አየቻቸው። ተነስታ ቆመች። ባሻ ደፉ ላይ ሳይደርሱ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሌላው የተቆረጠ ፀጉሯን ዳበሰች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ከጩኸቷ ይልቅ ያስፈራ ነበር። በሸሚዛቸው ውስጥ የነበረውን ወረቀት ማንም አልጠየቀም።

የበሩን ነገር የነገርኳት እኔ ነኝ። አልጮኸችም። «እንዳትጽፉለት» አለችኝ። «ቤት እንደሌለው አይወቅ። በሕልሙ የሚገባበት ያ ቤት ብቻ ነው።» አበሉን ወደ ቡልቡላ አዛወርኩላት፤ ያለ አንድ ስሕተት የሞላሁት ቅጽ እሱ ነው። ዓመታት ሄዱ፣ ባሻ አረፉ፣ ከታደሰም ሆነ ከሌሎቹ የሚመጣው ደብዳቤ ቆመ።

መንግሥት ሲወድቅ ከሰሜን የተበተነው ሠራዊት በእግሩ በየመንገዱ ፈሰሰ። ያኔ ነው እኔም ሥራ ያጣሁት፣ ወረቀቱ እግሬ ላይ የተጠመጠመብኝ። የመጨረሻው ጉዳዬ ግን አልተዘጋም ነበር፤ ያ ሰው ቢመጣ ወደዚያ በር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ከቀትር በኋላ አንድ አገዳ እየገዛሁ ከሐዲዱ ጀርባ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። አዲሶቹ ነዋሪዎች መጀመሪያ ሰላይ፣ ቀጥሎ እብድ፣ በመጨረሻ ጎረቤት አደረጉኝ።

አንድ ቀን አቧራ የለበሰ፣ እግሩ በጨርቅ የታሰረ ሰው መጣ። እንደሱ ያሉ በቀን ብዙ ያልፋሉ። ይህ አላለፈም። በሩን አላንኳኳም። እጁን አንስቶ ከቆርቆሮው ሥር ሰደደ። አዲሶቹ ሰዎች የራሳቸውን ጓጉንቸር ሲገዙ አሮጌውን ቁልፍ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አውቄ ትቼዋለሁ። አወጣው። መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። እንደነቃ ሰው ዙሪያውን ተመለከተ።

«ደህና ናቸው» አልኩት ከተቀመጥኩበት።

ዞር ብሎ አየኝ፤ ትከሻዬ ላይ ያለውን ሸንኮራም አየ።

«አንተ ማነህ?»

«የቤት አበል ሠራተኛ ነበርኩ። ቡልቡላ ናቸው፣ እናቷ ቤት። ልጆቹ አድገዋል።»

መጥቶ አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጉማጅ ሰብሬ ሰጠሁት። ጥርሱ ሲልጠው ድምፁ ይሰማል።

«አልቅሰውልኛል አሉ» አለ። «አንድ የዝዋይ ልጅ ነገረኝ።»

«አዎ። እኔ ነኝ ያስለቀስኳቸው።»

 መጠጠ፣ ምጣጩን ተፋ፣ እንደገና መጠጠ።

«በደንብ አለቀሰች?»

«ቡልቡላ ተነቃንቃለች።»

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ የነበረው አቧራ በዓይኖቹ ጥግ ተሰነጠቀ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ እኔም ቀሪውን አገዳ ከነቅጠሉ ትከሻው ላይ አደረግኩለት።

«ዝዋይ እደር» አልኩት። «ጠዋት እንዳትገባ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ብቻህን፣ ይህን ከፍ አድርገህ ይዘህ።»

በሐዲዱ ጎን ወረደ። ሰውየው ቶሎ ከዓይኔ ጠፋ፤ ቅጠሉ ግን ከአቧራው በላይ ለብዙ ጊዜ ይታየኝ ነበር።